አራተኛው ደንብና ያልተፈታው ክታብ

ነሐሴ በገባ በመጀመሪያው ቅዳሜ፣ ከጠዋቱ ሁለት ሰዓት ከሃምሳ ሦስት ደቂቃ ላይ፣ ጎንደር ከተማ ውስጥ ባለ አንድ አዳሪ ትምህርት ቤት በር ላይ ቆሜ አንድ ወረቀት ፈረምሁ። ወረቀቱ፣ ካሳነሽ ፈንታ የምትባል የዐሥራ አራት ዓመት ልጅ አንገቷ ላይ ባሰረችው የቆዳ ክታብ ውስጥ ምንም የተጻፈ ነገር እንደሌለ የሚያረጋግጥ ነው። ስሜ፣ የመታወቂያ ቁጥሬ፣ ፊርማዬና ሰዓቱ ሰፍረውበታል። የክታቡን ውስጥ አላየሁም ነበር።

እዚያ ፊርማ ላይ እንዴት እንደደረስሁ በቅደም ተከተል ልንገራችሁ። የምገለብጠው ከማስታወሻ ደብተሬ ነው፤ የተባለውን ሁሉ በዚያው ዕለት ከሰዓት በኋላ ጽፌዋለሁ።

ያን ጊዜ እዚያው ጎንደር በጋዜጠኝነት ሃያ ሁለተኛ ዓመቴን ይዤ ነበር። ሁለት ልማዶች ነበሩኝ። አንድን ነገር ከሁለት ምንጭ ካላገኘሁ አልጽፍም፤ በምዘግበው ነገር ውስጥ ደግሞ እጄን አላስገባም። ባልደረቦቼ “ድንጋዩ” ይሉኝ ነበር። ዋና አዘጋጃችን ሰው ሲያስተዋውቀኝ “ይኼ ሰርግ ቤት ሄዶ ጠጁን ሳይቀምስ የሚመለስ ሰው ነው” ይል ነበር። እኔ እንደ ምስጋና እቆጥረው ነበር።

ወደዚያ በር የሄድሁበት ምክንያት የራሴው ዜና ነው። ትምህርት ቤቱ በየዓመቱ ስምንተኛ ክፍልን የጨረሱ የገጠር ልጆችን ፈትኖ፣ ብልጫ ላመጡ ስድስት ልጆች አራት ዓመት ሙሉ ምግብ፣ መኝታና ትምህርት በነጻ ይሰጣል። ከዚያ ዓመት በፊት በነበረው ፈተና አንዳንድ ተፈታኞች የሒሳብ ቀመር የተጻፈበት ቁራጭ ወረቀት በነጠላ ጥለት ውስጥ ሰፍተው ገብተው ነበር። ሦስት ምንጭ አግኝቼ ጻፍሁት። ዜናው ተነበበ፣ ወላጆች ተቆጡ፣ ትምህርት ቤቱም ሰባት ደንብ አወጣ። እኔም ያን ዕለት የሄድሁት ደንቡ በተግባር እንዴት እንደሆነ ለመዘገብ ነበር። ባልዋሽ፣ ትንሽ ደስም ብሎኝ ነበር።

ደንቦቹ በሩ ላይ በትልቅ ፊደል ተለጥፈዋል። የመጀመሪያው፣ በሩ ልክ ሦስት ሰዓት ላይ ይዘጋል ይላል። ሁለተኛው፣ አንድ ሰው የሚፈተነው አንድ ጊዜ ብቻ ነው፤ ተመዝግቦ የቀረ እንደተፈተነ ይቆጠራል ይላል። አራተኛውን እንዳለ ልጥቀሰው፦ “ተፈታኝ ማንኛውንም የተጻፈ ነገር በልብሱም ሆነ በገላው ይዞ ወደ አዳራሹ አይገባም።”

ሌሊቱን ሲዘንብ አድሮ ጠዋት ጉም ወርዶ ነበር። ተፈታኞቹ በረንዳው ሥር ተሰልፈው አንድ በአንድ ይፈተሻሉ። ከጠረጴዛው ኋላ የተቀመጡት የፈተናው ኃላፊ ወይዘሮ ሰናይት ናቸው፤ ረጅም ዘመን ሒሳብ ያስተማሩ፣ ድምፃቸው ለስላሳ፣ ቃላቸው ግን የማይታጠፍ ሴት። ማተብ ያሰሩትን ልጆች አዩና “ክር ነው፤ እለፉ” እያሉ አሳለፏቸው። እንዲህ እንዲህ እያለ ሰልፉ አለቀ።

ሁለት ሰዓት ከአምስት ላይ አባትና ልጅ እየሮጡ ደረሱ። አባትየው ጋቢውን በላስቲክ ሸፍኖ፣ የልጁን ደብተርና እርሳስ በብብቱ ይዟል። ከኮሶዬ ነው የመጡት፤ የተሳፈሩባት ሚኒባስ በጉሙ ምክንያት እየዳኸች ነው ያደረሰቻቸው።

“ደርሰናል? ዘግይተናል?” አለ አያ ፈንታ፣ አባትየው።

“ደርሳችኋል፤ አሁንስ ይረጋጉ” አሉት ወይዘሮ ሰናይት። ልጅቱን ተቀበሏት፣ ፎቶዋን ከመልኳ አስተያዩ፣ ስሟን ምልክት አደረጉ። ከዚያ ዓይናቸው አንገቷ ላይ አረፈ። በጥቁር ክር የተንጠለጠለች፣ አውራ ጣት የምታህል፣ ዙሪያዋን በጅማት የተሰፋች የቆዳ ከረጢት ናት።

“ይኼ ምንድን ነው የኔ ልጅ?”

“ክታብ።”

“ውስጡስ?”

ካሳነሽ መልስ ከመስጠቷ በፊት አባቷ ቀደማት። “ጸሎት ነዋ እመቤቴ! ሸጋ ጸሎት። መሪጌታ ይባቤ የጻፉላት። እሳቸው የጻፉት ደግሞ እንዲህ እንዲህ የሚባል አይደለም!”

አያ ፈንታ የልጁን ጉዳይ በገዛ አፉ፣ በቅንነት፣ ያበላሸው እዚህ ላይ ነው። ወይዘሮ ሰናይት ወደ ተለጠፈው ወረቀት ዞሩና አራተኛውን ደንብ በጣታቸው አሳዩት። “የጻፉላት ካሉ የተጻፈ ነው ማለት ነው። ትፍታውና እዚህ ጠረጴዛ ላይ ታስቀምጠው። ስትወጣ ትወስደዋለች።”

“አይፈታም” አለች ካሳነሽ።

ድምጿ ውስጥ ቁጣ የለም። ነገሩን ነው የተናገረችው። ክሩ ቋጠሮ የለውም፤ ክርስትና በተነሣች ዕለት አንገቷ ላይ እንዳለ ተሰፍቶ ነው የተዘጋው፤ ባደገች ቁጥርም አዲሱ ረጅም ክር ተሰፍቶ ሳይዘጋ አሮጌው አይነካም። ለማውለቅ መቁረጥ ያስፈልጋል።

“እንቁረጠውና ስትወጪ ይሰፋልሽ።”

“አይቆረጥም።”

አያ ፈንታ ራሱን አከከ። “እኔ ክሩን መቁረጥ አያቅተኝም፤ በግ የምሸልት ሰው ነኝ። ግን ቆርጬ በየት በኩል ቤቴ እገባለሁ? እናቷን አታውቋትም።”

ወይዘሮ ሰናይት መነጽራቸውን አወለቁ። “ልጄ፣ እዚህ የመጣሽው ለመፈተን ነው። ክር ይበልጥብሻል?”

ካሳነሽ ትንሽ አሰበች። “እኔ አልፈራም” አለች። “ከኔ በፊት ሁለት ወንድሞቼ ሞቱ። እነሱ ክታብ አልነበራቸውም፤ እኔ አለኝ፣ አለሁ። እናቴ የምታውቀው ይህን ብቻ ነው። ክሩ ተቆርጧል ሲሏት ከዛሬ ጀምሮ እንቅልፍ የላትም። እኔ እዚህ ብገባ፣ እሷ እዚያ እንዴት ታድራለች?”

ሁለት ሰዓት ከሃያ ሆኗል። እኔ ዳር ቆሜ እጽፋለሁ። እጄ ይጽፋል፤ ዓይኔ ግን ደጋግሞ ወደ አራተኛው ደንብ ይሄዳል። በዚያ ደንብ ላይ ያረፈው የትምህርት ቤቱ ማኅተም ነው፤ ያስወለደው ግን የኔ ዜና ነበር። ወረቀቱን በነጠላቸው ሰፍተው የገቡት ልጆች የከተማ አስጠኚ ያላቸው ነበሩ። በሩ የሚዘጋው ግን በዚህች ልጅ ላይ ነው።

“ሌላ መንገድ የለም?” አልሁ። ድምፄን ስሰማ እኔው ደነገጥሁ። በሃያ ሁለት ዓመት ውስጥ በሰው ጉዳይ መካከል “ሌላ መንገድ የለም?” ብዬ አላውቅም።

ወይዘሮ ሰናይት ቀና ብለው አዩኝ። “ሰባተኛውን አንብበው፤ ሁሉን ታነብ የለ።”

አነበብሁት። አጠራጣሪ ዕቃ ሲገጥም፣ ውስጡ ምንም የተጻፈ እንደሌለ፣ ዘመድ ያልሆነና የሥራ መታወቂያ ያለው የከተማው ነዋሪ ዋስ ሆኖ በጽሑፍ ከፈረመ ተፈታኙ ይገባል፤ ሐሰት ሆኖ ከተገኘ ውጤቱ ይሰረዛል።

“አባትየው ጸሎት ነው ብለዋል” አልሁ።

“አባትየው ውስጡን አይተዋል? የሰፋው ሰው ይናገር። የሚፈርም ካገኛችሁ እኔ አላስቸግርም። ሦስት ሰዓት ግን ሦስት ሰዓት ነው።”

አያ ፈንታ ስልኩን ከውስጥ ኪሱ አወጣ። በላስቲክ ጠቅልሎታል። ለመሪጌታ ይባቤ ደወለ። አይነሣም።

“ቅዳሜ አይደል? ቅዳሴ ላይ ናቸው” አለ። እንደገና ደወለ። አይነሣም። “ኧረ መሪጌታ፣ ዛሬ እንኳ ቶሎ ቀድሱ!”

“አባየ፣ ቅዳሴ ቶሎ በል አይባልም” አለች ካሳነሽ።

“አንቺ ደግሞ ዝም ብለሽ ደብተርሽን አንብቢ።”

ደብተሯን ገልጣ አነበበች። ሰው ጉዳዩ አፋፍ ላይ ቆሞ እንደዚያ ተረጋግቶ ሲያነብ ከዚያ በፊት አላየሁም።

ሁለት ሰዓት ከአርባ አንድ ላይ መሪጌታ አነሡ። አያ ፈንታ ነገሩን በአንድ ትንፋሽ ዘረገፈው፤ መኪናውን፣ ጉሙን፣ ደንቡን፣ ክሩን። መሪጌታ የዋስትናውን ቃል ሁለት ጊዜ አስደገሙት። ከዚያ “የሚፈርመው ሰው ማነው? ስጠኝ እስቲ” ሲሉ ሰማሁ።

የሚፈርም ሰው አልነበረም። አያ ፈንታ ግን ምንም ሳይጠይቅ ስልኩን ለእኔ ዘረጋው። ተቀበልሁት።

“ራቅ በል፤ ብቻህን ሁን” አሉኝ መሪጌታ። ወደ አጥሩ ሄድሁ። “አንተ ማን ነህ?”

ስሜንና ሥራዬን ነገርኋቸው።

“ጋዜጠኛ! እንግዲያ የምነግርህን አትጽፈውም።”

“አልጽፈውም።”

“ባዶ ነው።”

“ምኑ?”

“ክታቡ ነዋ! ባዶ ብራና ነው የሰፋሁበት። ስማ ልጄ፣ እኔ በክታብ የማምን ሰው አይደለሁም፤ ቤተ ክርስቲያንም አትወደውም። እናትየዋ ግን ሁለት ልጅ ቀብራ፣ ሦስተኛዋን ታቅፋ መጥታ እግሬ ላይ ወደቀች። ልቧ ለሚነድ እናት ‘ሥርዓቱ እንዲህ ነው’ ብለህ ትመልሳታለህ? ብራና አጠፍሁ፣ ሰፋሁ፣ ሰጠሁ። ያን ሌሊት ተኛች። ልጅቱም አደገች። ለእናትየዋ ግን በጭራሽ እንዳትነግር።”

“መሪጌታ፣ ይህን የሚያውቅ ሌላ ሰው አለ?”

“እግዚአብሔር አለ። ደውልለትና ጠይቀው” ብለው ስልኩን ዘጉት።

አንድ ምንጭ ማለት ነው። ለልጅቱ የሚያደላ፣ በስልክ የተገኘ፣ ማጣሪያ የሌለው። ወደ ጠረጴዛው ስመለስ ሁለት ሰዓት ከአርባ ስምንት ነበር። ካሳነሽን አስፈቅጄ ክታቡን በሁለት ጣቴ ያዝሁት። ውስጡ የታጠፈ ነገር አለ፤ ብራና መሆኑ ይታወቃል። የተጻፈበት ይሁን ያልተጻፈበት በጣት አይታወቅም።

“ውስጡ ያለውን ታውቂያለሽ?” አልኋት።

“አላውቅም።”

“ለፈተናው የሚረዳሽ ነገር ይኖረው ይሆን?”

እንደ ሞኝ አየችኝ። “ቢረዳኝማ መች አጠና ነበር?”

ወይዘሮ ሰናይት ሳቃቸውን ለመደበቅ ወደ ወረቀታቸው አቀረቀሩ። አያ ፈንታ አልደበቀም፤ ከት ብሎ ሳቀና ወዲያው ሰዓቱን አስታውሶ ፊቱ ጠቆረ። “ጋዜጠኛው፣ እንዴት ሆነ? መሪጌታ ምን አሉ?”

“የጠየቅሁትን መልሰውልኛል” አልሁት።

ብዕሬን አወጣሁ። የዋስትናው ጽሑፍ አጭር ነው። “ከሰፋው ሰው አረጋግጫለሁ” የሚለውን ሐረግ በራሴ እጅ ጨመርሁበት፤ ቢያንስ ምንጬ ይታወቅ ብዬ ነው። ሁለት ሰዓት ከሃምሳ ሦስት ላይ ፈረምሁ። ወይዘሮ ሰናይት ፊርማውንም እኔንም አዩ።

“እርግጠኛ ነህ?”

“ፈርሜያለሁ” አልሁ።

“እሱን አልጠየቅሁህም” አሉ፤ ግን ማኅተሙን መቱበት።

ካሳነሽ እርሳሷን ከአባቷ ተቀብላ ገባች። ዘበኛው በሩን የዘጋው ልክ ሦስት ሰዓት ላይ ነው።

ለዋና አዘጋጄ ደወልሁና ዜናውን መጻፍ እንደማልችል፣ ሌላ ሰው እንዲልክ ነገርሁት።

“ምነው? ምን ገጠመህ?”

“ጉዳዩ ውስጥ ገብቻለሁ። ፈርሜያለሁ።”

ጮኾ የቢሮውን ሰዎች ሲጠራ ሰማሁ፤ “ኑ ስሙ! ድንጋዩ ተንቀሳቀሰ!”

ሦስት ሰዓት ሙሉ ከአያ ፈንታ ጋር ከአጥሩ ውጪ ካለች ሻይ ቤት ተቀመጥን። እሱ ስለ በጎቹ አወራኝ፣ ስለ ገብሱ አወራኝ፣ በየመሐሉ “አሁን ስንተኛው ጥያቄ ላይ ትሆን?” ይለኛል። እንደማላውቅ ስነግረው “አንተ ጋዜጠኛ ተብለህ ምኑን ነው የምታውቀው?” ይለኛል። ጥያቄው ከዚያን ዕለት ወዲህ ብዙ ጊዜ ትዝ ብሎኛል።

ካሳነሽ ስትወጣ እየሮጠ ሄደ። “እንዴት ነበር?”

“ሸጋ ነው። አንድ ብቻ ሳልስት አልቀርም።”

“የቱን?”

“ብነግርህ ታውቀዋለህ አባየ?”

“አላውቀውም! ግን አብሬሽ ልናደድ ነዋ!”

ውጤቱ ከሦስት ሳምንት በኋላ ተለጠፈ። ስድስት ስም ነበር። ካሳነሽ ፈንታ ሦስተኛዋ ናት። በዓይኔ አይቼዋለሁ።

አንባቢዎቼ፣ ይህን የምጽፍላችሁ ሕግ መጣስን ለማወደስ አይደለም። ደንብ ያስፈልጋል፤ በዚያ ፈተና ላይ ማጭበርበር ነበር፣ ዜናዬም እውነት ነበር። ሁለት ምንጭ የሚለውን ልማዴንም አልተውሁም። ከዚያች ፊርማ በቀር አንድ ምንጭ ይዤ ስሜን ያስቀመጥሁበት ወረቀት የለም። የተለወጠው ሌላ ነው። ቀድሞ ዜናዬ ታትሞ ደንብ ሲወጣ ሥራዬ አለቀ እል ነበር። አሁን ዓመት ጠብቄ ደንቡ የተለጠፈበት በር ላይ እሄዳለሁ። ማን እንደገባ አያለሁ፣ ይበልጡን ግን ማን እንደተመለሰ። ከፍርድ ቤት በር ላይ ቆሜ አውቃለሁ፣ ከጤና ጣቢያ በር ላይም። ብዙ ጊዜ የምጽፈው አላገኝም። አንዳንዴ ግን የተመለሰ ሰው አገኛለሁ፣ ያ ሰው ደግሞ ደንቡ ሲጻፍ በማንም አሳብ ውስጥ ያልነበረ ነው።

ወይዘሮ ሰናይት በበኩላቸው በሚቀጥለው ዓመት አራተኛውን ደንብ አስቀየሩት። “ለፈተናው የሚረዳ” የሚል ተጨመረበት፤ ሊወልቅ የማይችል ነገር ደግሞ በጨርቅ ተጠቅልሎ ይታሸግና ተፈታኙ ይገባል። ረቂቁን አምጥተው “ጋዜጠኛ፣ አሁን ማንን ረስተናል?” ብለው ጠይቀውኛል። አሁን ጡረታ ላይ ናቸው። ይህን ጽሑፍ እስከ መጨረሻዋ ዐረፍተ ነገር ድረስ ቀድመው አንብበውታል። ሲጨርሱ መነጽራቸውን አውልቀው ዕንባቸው እስኪወርድ ሳቁ፣ “አሁን ምኑን ልሰርዝ? አውጣው” አሉኝ። ካሳነሽ አራቱን ዓመት ጨርሳ ዩኒቨርሲቲ ገብታለችና የሚሰረዝ ውጤት የለም። እሷንም መሪጌታንም አስፈቅጃለሁ።

ያለፈው ጥር ላይ አያ ፈንታ ደወለልኝ። የክታቡ ቆዳ በእርጅና ተበጣጥሷል፣ መሪጌታ አዲስ ቆዳ ሊሰፉበት ነው፣ “አንተም ዋስ ነህና ና” አለኝ። ኮሶዬ ደረስሁ። መሪጌታ ይባቤ ደጃፋቸው ላይ ፀሐይ እየሞቁ መርፌና ጅማት ይዘው ተቀምጠዋል። ካሳነሽ ለዕረፍት መጥታ አጠገባቸው ተንበርክካለች። እናቷ ደግሞ ከልጇ አንገት ዓይኗን ሳትነቅል ፊት ለፊታቸው ተቀምጣለች።

እኔ አራት ዓመት ሙሉ የጠበቅሁት ምሥጢር በዚያች ሴት ፊት ሊዘረገፍ ነው። መሪጌታን በዓይኔ ለመንኋቸው፤ ዘወር ብለው ይስፉት፣ እቤት ይግቡ፣ የሆነ ነገር ያድርጉ። እሳቸው ግን ቢላዋቸውን አነሡ።

“ጋዜጠኛው፣ ቀረብ በል። መነጽርህን አድርግ” አሉኝ። ጆሮዬ ሥር ደግሞ ቀስ ብለው ጨመሩ። “ያን ዕለት ገና ከቅዳሴ ወጥቼ፣ ጠበል እንኳ ሳልቀምስ ነው ያገኘኸኝ። ፍልሰታን ጨርሼ ሌላ ሰባት ቀን ጾሜበታለሁ።”

የቆዳውን ስፌት ቆረጡና ብራናውን ጉልበታቸው ላይ ዘረጉት። እናትየዋ አየችውና እጇን ደረቷ ላይ አድርጋ ፈገግ አለች።

ብራናው ርዝመቱ አንድ ስንዝር ነው። በጥቁርና በቀይ ቀለም ዐሥራ ሰባት መስመር ተጽፎበታል። ሁለት ጊዜ ቆጠርሁት።